ወለሉ ውስጥ የቀረው ቄጠማ

አባዬ የሠራው ወለል አይነሳም። ትናንት የጉደሩ አዳራሽ ባለቤት ለእናቴ ደውለው፣ «ሴራሚኩን ትቼዋለሁ፤ የልጅሽ ደብዳቤ አሸንፎኛል» አሏት። ሦስቴ ቀድጄ በአራተኛው የጻፍኩት ደብዳቤ ነው። እናቴ ስልኩን ስትዘጋ ግቢውን እየዘለልኩ ሁለቴ ዞርኩት። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አባዬ ወለል በኢፖክሲ ይለብጥ ነበር። ሁለት ፈሳሽ ቀላቅሎ ሲሚንቶው ላይ ያፈሳል፣ በሮለር ይዘረጋዋል፤ ሲደርቅ ፊት የሚያሳይ ወለል ይሆናል። ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት ትምህርት ስለተዘጋ ከአምቦ ጉደር ይዞኝ ሄደ፤ የምናድረው አክስቴ ጋ ነበር። አዳራሹ አዲስ ነው፤ የመጀመሪያው ድግስ የባለቤቱ ልጅ ሠርግ። አፍስሶ ሲጨርስ፣ «ሚጡ፣ ሦስት ቀን ማንም አይጠጋውም። አንቺም፣ ዝንብም» አለኝ።

በማግስቱ ዕቃ ሊያመጣ አምቦ ሲሄድ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። በመስኮት ሳየው ያብለጨልጫል። ካብለጨለጨማ ደርቋል አልኩ። ሠርግ ቤት ደግሞ ያለ ቄጠማ ምን ያምራል? ከወንዙ ዳር አጭጄ አመጣሁና በሩ ላይ ቆሜ እፍኝ እፍኝ እየወረወርኩ ጎዘጎዝኩት። ላስደስተው ነበር።

ተጣበቀ።

አባዬ ሲመለስ አየው። ተንበርክኮ በምላጭ አንድ በአንድ ይነቅል ጀመር፤ የተነቀለበት ሁሉ ጠባሳ ሆነ። ባለቤቱ ደረሱ።

«አንተ፣ አዳራሽ አልኩህ እንጂ በረት አልኩህ? ለሙሽሮቹ ወንበር ላቅርብ ወይስ ገለባ? ማነው ይሄን ያደረገ?»

«እኔ ነኝ ኦቦ። የደረቀ መስሎኝ» አለ አባዬ።

እኔ በሩ ኋላ ነበርኩ። ትንፍሽ አላልኩም።

መንቀሉን ትቶ በቀረው ላይ ሌላ ልባስ አፈሰሰበት፤ ሳሩ እዚያው ውስጥ ታሽጎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጉደር ላይ ለሥራ የጠራው የለም። «ያ ሳር የለበጠው ሰውዬ» ይሉታል። «ልንገራቸው?» ስለው፣ «ተዪው፣ የእኔ ስም ይበቃል» ይለኛል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በኩላሊት ሞተ። ለቅሶው ላይ አንዱ ከጉደር የመጣ ሰው ስለዚያ ሳር ሲያወራ ሰማሁት። ያኔም ዝም አልኩ።

ዘንድሮ ባለቤቱ ወለሉን አስፈልፍለው ሴራሚክ ሊያስነጥፉ ነው ሲባል ግን እንቅልፍ አጣሁ። እውነቱን ሳልናገር ወለሉ ሊጠፋብኝ ነው። ጻፍኩላቸው፤ እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም አልኳቸው።

በጉደር ካለፋችሁ እባካችሁ ጎራ በሉ፣ ባለቤቱ አይከለክሉም። ከበሩ ገባ እንዳላችሁ ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ ሳሩ ቢጫ ሆኗል፣ ዙሪያው ግን አሁንም ፊት ያሳያል። አጠገባችሁ ያለ ሰው «ቀቢው ነው ያበላሸው» ካለ፣ «አይደለም፣ ልጁ ናት» በሉልኝ።