ግራ እግሩ የማይታጠፈው ተወዳዳሪ

ሩዙ ታጭዶ የፎገራ ሜዳ ሲደርቅ የወረታና የአንበሳሜ ሰዎች ለአራት እሁድ በሞተር ሳይክል ይወዳደራሉ። ከወረታዎቹ መካከል ስሙን የማላውቀው አንድ ጎልማሳ አለ። ግራ እግሩ አይታጠፍም። አምና የአንበሳሜው ባየህ መታጠፊያው ላይ ሆን ብሎ ገፍቶ ስለጣለው ነው ይላሉ። ከሰው ጋር ብዙም አያወራም፤ ያን ቀን የተቀደደ ሱሪውን እስከ ዛሬ ሳያሰፋ ይለብሳል።

ባለፈው እሁድ የዘንድሮው የመጀመሪያ ውድድር ሊጀመር ሲል የባየህ ሞተር አልነሳ አለ። ሰውየው እያነከሰ ሄደና ከኪሱ አዲስ ካንዴላ አውጥቶ ሰጠው።

“ግጠመው” አለው። “ቆመህ ብቀድምህ አንጀቴ አይርስም።”

እዚያው መታጠፊያ ላይ ሳይነካው ቀደመው። ውድድሩ ሲያበቃ ባየህ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ መጥቶ፣ “ወንድሜ፣ ያምናውን ይቅር በለኝ” አለው።

ሰውየው ሄልሜቱን አውልቆ ትክ ብሎ አየው።

“ገና ሦስት እሁድ ይቀረናል።”