ሳይነጋ የገባው አርብ

ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ይሄን ለማወቅ መሠረተ ትምህርት መግባት አያስፈልግም፤ ዶሮም ያውቀዋል። ጎረቤቴ ሸዋወርቅ ግን ሮም ከተማ ውስጥ ከአንድ ዕቃ ጋር በዚሁ ጉዳይ ሳትግባባ ቀርታ ስንት ዓመት ተንገበገበች። ነገሩን ራሷ ስታወራው ስንቴ እንደሰማሁት አላህ ይወቀው። ችግሯ ስታወራ መሃል ላይ ትስታለች፣ "ቆይ፣ ቆይ፣ እሱ ከዚያ በፊት ነው" እያለች ሰው ታደክማለች። ስለዚህ እኔ ከሪማ ብናገረው ይሻላል። ናዝሬት ገበያ በርበሬ ነው የምሸጠው፤ ወሬም እንደ በርበሬ ካልተቀነጠሰ አልወድም።

የሸዋወርቅ ባል ጉደታ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ደግ ሰው ነበር፤ ከአሰብ በመጣ ቁጥር እኔም ቤት ጨው ሳይጥል አያልፍም። መተሐራ አጠገብ መኪናው ተገልብጦ ሲሞት አንድ ልጃቸው ገመቹ ገና ተማሪ ነበር። ሸዋወርቅ በፊት ሲኞራ ፒና ከሚባሉ ጣልያን ቤት ወጥ ቤት ሆና ሠርታለች። ሲኞራና ባላቸው አዋሽ ዳር የብርቱካን እርሻ ነበራቸው፤ ደርግ ሲወርሰው ሰውየው በንዴት ሞቱ፣ ሲኞራም አገራቸው ገቡ። እዚያ አርጅተው እግራቸው አልታዘዝ ሲላቸው "የሌላ ሰው እጅ አልበላም፣ ሸዋወርቅን አምጡልኝ" አሉ። በዚያ ዘመን የመውጫ ቪዛ እንዴት እንደተገኘ አትጠይቁኝ። ብቻ ልጇን ለእህቷ ለበላይነሽ አደራ ሰጥታ ሄደች።

እሷ በሄደች በዓመቱ ብሔራዊ ውትድርና ተባለና ገመቹን ሶደሬ ዋኝቶ ሲመለስ መንገድ ላይ አፈሱት። መጀመሪያ ላይ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። በኋላ ሰሜን ውስጥ ትልቅ ውጊያ ሆኖ ብዙ ሰው አለቀ፣ ብዙ ሰው ተማረከ ተብሎ ሹክ ሹክ ሲባል የገመቹም ድምፅ አብሮ ጠፋ። ሬዲዮኑ እንደሆነ ከድል በስተቀር አያውቅም።

አሁን ጭንቀቱን ስሙ። በእነ ሸዋወርቅ ሃይማኖት የሞተ ሰው ፍትሐት ይፈታለታል፣ ተዝካር ይወጣለታል። ሳይፈታለት ቢቀር ነፍሱ ተንከራተተች ማለት ነው። በሕይወት ላለ ልጅ ፍትሐት ማስፈታት ደግሞ ሟርት ነው፤ በገዛ እጅ ጉድጓድ መቆፈር ነው። በላይነሽ "ሰው ሁሉ የልጁን ነፍስ አታንከራትቱት እያለ አስጨነቀን፣ ምን እናድርግ?" ብላ ሮም ድረስ ላከችባት። ሸዋወርቅ ምን ትበል? አንድ ቀን "አስፈቱለት" ልትል ትነሳለች፤ በማግስቱ "ምላሴን ይቁረጠው" ትላለች። ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው መጨመር የጀመረችው ያኔ ነው፤ ሲኞራም እያወቁ ዝም ብለው ይበሉላት ነበር።

እንዲህ ሆና ሳለ አንድ ሐሙስ ሲኞራ ጋዜጣ ሲያነቡ ቀና አሉና ጠሯት።

"ሸዋ፣ ዛሬ ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በቴሌቪዥን የእናንተ አገር ምርኮኛ ወታደሮች ይታያሉ። ፈረንጆች ሄደው ፊልም አንስተዋል።"

ሲኞራ ዕድሜያቸውን ናዝሬት የፈጁ ሰው ናቸው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፣ ሰዓት የሚነግሯትም በእኛው አቆጣጠር ነው። ሸዋወርቅ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ገመቹ ከምርኮኞቹ መሃል ካለ አለ፤ ከሌለም በላይነሽ ቄሶቹን ትጥራ። ነገሩ በዚያ ፊልም ሊለይለት ነው።

ታዲያ ለምን ነቅታ አላየችውም ትሉ ይሆናል። እኔም ብያታለሁ። አንደኛ፣ ቴሌቪዥኑ ሲኞራ መኝታ ቤት ነው፤ ሲኞራ ደግሞ ልበ ደካማ ናቸው፣ መድኃኒታቸውን ውጠው በጊዜ ነው የሚተኙት። ዋናው ግን ሌላ ነው። "መርዶ በሌሊት ይሰማል እንዴ ከሪማ?" አለችኝ። "ልጄን ባጣው በዚያ ጨለማ ማን ይይዘኛል? መርዶ እኮ ሲነጋ፣ ሰው ባለበት ነው።" እውነቷን ነው።

ብልሃቱ ቪዲዮ መቅረጫው ነበር። የሲኞራ ልጅ ከሚላኖ ያመጣላቸው ጥቁር ዕቃ ነው፤ ግንባሩ ላይ አረንጓዴ ቁጥር ይበራል። ቀንና ሰዓት ከነገሩት ቤተኛው ሁሉ ተኝቶ፣ ቴሌቪዥኑም ጠፍቶ፣ ለብቻው ነቅቶ ይቀርጻል። ይሄን ስትነግረኝ እኔ ጂኒ ነው ብዬ ነበር። የሲኞራ ልጅ እንዴት እንደሚታዘዝ አሳይቷት ነበርና አልፈራችውም። መጀመሪያ ጣቢያውን፣ ከዚያ ሰዓቱን፣ ከዚያ ቀኑን።

ሰዓቱ ላይ ተጠነቀቀች። የእኛና የእነሱ ሰዓት በስድስት እንደሚለያይ ታውቃለች፤ መጀመሪያ ሮም የገባች ሰሞን ሐኪም ቤት ሲኞራን ያለሰዓቱ ወስዳ በር ላይ አስጠብቃቸው ታውቃለች። በእኛ የሌሊቱ ስድስት ተኩል በእነሱ ዜሮ ከሠላሳ ነው። ዜሮ የሚባል ሰዓት ደግሞ ከየት የመጣ ነው እያለች ያንኑ አስገባች። ቀኑ ላይ ሲደርስ ጥንቃቄም አላስፈለጋት።

"ሐሙስ ነው አይደል ሲኞራ?"

"ሐሙስ ነዋ፣ ሌላ ምን ሊሆን?"

ጋዜጣውም ሐሙስ ነው የሚለው። ሐሙስ ብላ ነካችው፣ ቀይ መብራት በራ፣ እግዚአብሔርን አመስግና ተኛች።

እኔን ቢሆን ኖሮ አልሳሳትም ነበር። ለእኛ ለእስላሞቹ ሐሙስ ጀንበር ስትጠልቅ የጁምዓ ሌሊት ገባ ማለት ነው፤ "አርብ በይው" እላት ነበር። እሷ ግን ክርስቲያን፣ እኔም ያለሁት ናዝሬት።

በማግስቱ ጠዋት ጓደኛዋ መሰለች ልትይዛት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። መሰለችም እዚያው ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ የሁሩታ ልጅ ናት። ሲኞራ ትራስ ተደግፈው፣ ሁለቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ካሴቱን ከፈቱት። ሽው የሚል ድምፅና ጉም የመሰለ ነገር ብቻ። ወደ ፊት ቢያስኬዱት ጉም፣ ወደ ኋላ ቢመልሱት ጉም። መሰለች "እንደ ቴፑ ካሴት በጀርባው ይሆናል" ብላ ልትገለብጠው ሞከረች፤ አልገባ አለ። ሸዋወርቅ ከጉሙ ውስጥ ሰው የሚወጣ መስሏት አፍንጫዋ መስተዋቱን እስኪነካ ተጠጋች። ቀዩ መብራት አሁንም እንደበራ ነው። ቀርጾ ከሆነ የታለ? ካልቀረጸስ ምን ይጠብቃል?

ሲኞራ ሚላኖ ለልጃቸው ደወሉና ስልኩን ለሸዋወርቅ ሰጧት። እሱም ናዝሬት ነው የተወለደው፣ አማርኛ አይጠፋውም።

"ሰዓቱ ልክ ነው። ያጠፋችሁት ቀኑን ነው" አላት። "እኩለ ሌሊት ካለፈ አርብ ነው። ዕቃው አሁን የሚጠብቀው የሚመጣውን ሐሙስ ነው።"

"ሳይነጋ አርብ?"

"አዎ፣ ሳይነጋ።"

"ሰው ሁሉ ተኝቶ በጨለማ? ማን አየውና ነው የሚለወጠው?"

ሲኞራም ለካ የአገራቸውን ሌሊት ረስተውት ኖሯል፣ "አይ ሸዋ፣ እኔ አሮጊት፣ እኔ አሳሳትኩሽ" እያሉ አብረዋት አለቀሱ። ፊልሙ አንዴ አልፏል። ሸዋወርቅ ገመቹ እዚያ ዕቃ ውስጥ ገብቶ መውጫ ያጣ ይመስላት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ባለፈች ባገደመች ቁጥር በጨርቅ ትወለውለው ነበር አሉ።

እሁድ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሐበሻው ይሰበሰባል። ሸዋወርቅ የገመቹን ፎቶ ይዛ ሄደችና ፊልሙን ያየ ሰው ካለ ጠየቀች። ሰብስቤ የሚባል የደብረ ዘይት ልጅ ፎቶውን አየት አድርጎ "እንዴ፣ አይቼዋለሁ! ካርታ ሲጫወት ነበር፣ እንዲያውም ይስቅ ነበር" አላት። ሙሉዬ የምትባል ደግሞ "ውሃ ተሸክሞ ሲያልፍ አየሁት እትዬ፣ ወፍሯል" አለቻት። አብተው የሚባል ጎልማሳ "ትንሽ ከስቷል፣ ግን ደህና ነው፤ ጥግ ይዞ መጽሐፍ ያነብ ነበር" አላት።

"ወፈረ ወይስ ከሳ?" ብላ ጠየቀች።

"ፊልሙ ረጅም ነው" አላት ሰብስቤ።

ይሄን ስሰማ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። መሰለች ቀድማ ሹክ ብላቸዋለች። የእኛ ሰው ሰው አገር ላይ ያለች እናት ዓይን እያየ "አላየሁትም" ከሚል ምላሱን ቢውጥ ይመርጣል። ሸዋወርቅ ግን ለበላይነሽ "ልጄ ታይቷል፣ ፍትሐት የሚል ሰው ቤቴ እንዳይገባ" ብላ ላከች። ሰፈሩ ግማሹ እልል አለ፣ ግማሹ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት እንደምችል ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሲኞራ ሞቱና ሸዋወርቅ አገሯ ገባች። ከዚያ ወዲያ ምሽት ምሽት አጥሩ ላይ ተደግፋ እኔን ማድከም ሥራዋ ሆነ። "ከሪማ፣ የወፈረው ይሆን የከሳው? ካርታስ ማን አስተማረው? ጉደታ እኮ ቁማር አይወድም።" እኔም አንድ ቀን ወፍሯል እላለሁ፣ አንድ ቀን ከስቷል እላለሁ። ምን ላድርግ? ደግሞ ደጅ ሰው ባንኳኳ ቁጥር ቀድማኝ ዘላ ትወጣለች፤ ጋሪ የሚነዳ ወጣት ባየች ቁጥር ከኋላው ትሄዳለች። አንዳንዴ ያ ሰብስቤ የሚባል ልጅ በእጄ በገባ እል ነበር።

ደርግ በወደቀበት ክረምት ገመቹ መጣ። ከመኪና ተራ በእግሩ፣ ሸበጥ አድርጎ፣ እኔን "ከሪማ፣ አካም ጅርታ?" ብሎ ሰላም ሲለኝ አባቱ ራሱ ከመቃብር የተነሳ መሰለኝ። የነበረውን ለቅሶና እልልታ አልናገርም፤ ማንም ያውቀዋል።

ጥቂት አርፎ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ እኔና በላይነሽ ባለንበት ሸዋወርቅ ጠየቀችው።

"ገመቹዬ፣ ፈረንጆች ፊልም ያነሷችሁ ጊዜ ካርታ ነበር የምትጫወተው ወይስ ውሃ ልትቀዳ እየሄድክ ነበር?"

ልጁ ግራ ገባው። "እማዬ፣ እኔ ካርታ አልችልም።"

"እሺ፣ መጽሐፉስ?"

"የምን መጽሐፍ? ካሜራ ይዘው የመጡ ቀን እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ፊቴን ወደ ድንጋዩ አዙሬ ተኝቼ ነው የዋልኩት። ፊቱ የታየ ሰው ቤተሰቡን ቀበሌ ያሰቃይበታል ይባል ነበር። እትዬ በላይነሽን እንዳያስሩብኝ ብዬ ነው። ማንም አላየኝም።"

በላይነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሸዋወርቅ "ዕቃው ቢቀርጽልኝ ኖሮ ፊት ለፊት እያየሁ አጣህ ነበር" አለች። "በነጋታው ፍትሐትህን አስፈትቼ፣ ተዝካርህን አውጥቼ… እኔው ነበርኩ የምቀብርህ።" ይሄን ብላ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ እኛም አብረናት ሳቅን። ለስህተቷ እግዚአብሔርን አመሰገነች።

ሳቁ ሳያልቅ ግን ፊቷ ተለወጠ። እኔን አየች፣ እህቷን አየች።

"ታዲያ እነ ሰብስቤ ያዩዋቸው ልጆች የማን ናቸው?" አለች። "ያ ካርታ የሚጫወተው፣ ያ ውሃ የተሸከመው፣ ያ ከስቶ የሚያነበው… እናቶቻቸው መታየታቸውን ሰምተዋል? ወይስ አስፈትተውላቸዋል?"