ድልድይ በዝርዝሩ ውስጥ የለም

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ ፍኖተ ሰላም ያጋጠመኝ ነገር ነው። ባስታወስሁት ቁጥር እስቃለሁ፤ ወዲያው ግን በሐፍረት ፊቴ ይግላል።

ቡሬ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። አንድ የውጭ ድርጅት ለአካባቢው ገበሬዎች የዴሞክራሲ ሥልጠና ሊሰጥ መጣና በአስተርጓሚነት ቀጠረኝ። አሠልጣኙ ፈገግታ ከፊቱ የማይጠፋ ረጅም ፈረንጅ ነበር። ከእሱ ጋር የመጣች አንዲት ፈረንጅ ደግሞ ከኋላ ተቀምጣ ዝም ብላ ትጽፋለች።

ሰውየው ስለ ሕዝብ ድምፅ ሲያስተምር አረፈደ። ከዚያ፣ «አሁን በተግባር እንየው። ለቀበሌያችሁ ምን ይሠራ? ምረጡ» አለ።

ገበሬዎቹ ብዙም አልተማከሩም። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ሞልቶ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፤ ምጥ የያዛት ሴት ወደ ሐኪም ቤት መሻገር አትችልም። «ድልድይ!» አሉ። እጁን ያላወጣ አልነበረም።

አሠልጣኙ ወረቀቱን አገላበጠ።

«በጣም ጥሩ ምርጫ ነው። ግን ድልድይ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያሉት የውይይት መድረክ፣ የግንዛቤ ማስጨበጫና የልምድ ልውውጥ ናቸው። እንደገና እንምረጥ።»

ይህን ተረጎምሁላቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ልጄ፣ እንግዳውን ጠይቅልኝ። በእነሱ አገር ልጅቱን ድረው ካበቁ በኋላ ነው ወይ ባል ምረጪ የሚሏት?»

ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። «ምን አሉ?» አለኝ አሠልጣኙ፣ እሱም እየሳቀ። እኔ እንጀራዬ ታየኝ። «ዴሞክራሲ እንደ ሠርግ ደስ ይላል ብለው አመሰገኑ» አልሁት። ደስ ብሎት ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ከኋላ የነበረችው ፈረንጅ ብዕሯን አስቀመጠች።

«መምህር» አለች ጥርት ባለ አማርኛ፣ «እማማ እንደዚያ አላሉም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ለካ ድሮ ደብረ ማርቆስ አስተምራ ኖሯል! እያላበኝ እውነተኛውን ተረጎምሁ። የአሠልጣኙ ጆሮ ቀላ። ትንሽ አሰበና፣ «በጣም ጠቃሚ አስተያየት ነው፤ ሪፖርቱ ውስጥ እናስገባዋለን» አለ። ምርጫው ተደገመ። ግንዛቤ ማስጨበጫ በሙሉ ድምፅ አሸነፈ፤ ተጨበጨበ፤ ወደ ምሳ ተሄደ።

ስንወጣ ወይዘሮ ጥሩወርቅን ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

«እሱስ እንግዳ ነው፣ አልሰማኝም» አሉኝ። «የሰማኸኝ አንተ ነበርህ።»

ወንዙን ዛሬም የሚያሻግር ነገር የለም። ግንዛቤያችን ግን ተጨብጧል። እንዲህ እያልሁ በፈረንጁ ላይ ስቀልድ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ትዝ ይሉኛል፤ ያን ጊዜ ቀልዴን አቋርጣለሁ።