ወንዝ ዳር ቆመን «ቤቶች!» ያልን ጊዜ

ዳይሬክተሯ ኬሊ «በሩን ዝጊው» ስትለኝ ደነገጥኩ። በእኛ ቻይልድ ኬር፣ በሕፃናት መዋያው፣ የቢሮ በር የሚዘጋው ሰው ሊባረር ሲል ነው። ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ አለ፣ አጠገቡ እስክሪብቶ።

አንዲት ወላጅ ከሳኛለች። ልጆቹን ወንዝ ዳር ወስጄ መንፈስ አስጠርቻለሁ ተባለ። ኬሊ ደብዳቤው ላይ ፈርሚና ነገሩ ይለቅ፣ የቦታ ስም ማስተማሩንም ለጊዜው ተዪው አለችኝ።

እዚህ ሜልበርን፣ ሰንሻይን ዌስት ሰፈር ስቀጠር የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ዳይፐር መለወጥና የልጆች ፍራሽ ማንጠፍ ነበር። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሰርተፍኬት ስሪ የሚባለውን የሕፃናት እንክብካቤ ኮርስ ልጄ ማህሌት እያነበበችልኝ በሁለት ዓመት ተኩል ጨረስኩ። የአለርጂ ዝርዝርና የልጆች ስም አነባለሁ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ግን አይሆንልኝም።

የቦታ ስም ያስተማሩኝ እትዬ ጁን ናቸው። የዚህ መሬት የጥንት ባለቤቶች ወገን ናቸው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጡ ለልጆቹ ያወራሉ። ፈረንጆቹ አክስት ይሏቸዋል፣ እኔ እትዬ። ሜልበርን ናርም እንደሚባል፣ ያራ የምንለው ወንዝም ስሙ ቢራረንግ እንደሆነ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ያን ወንዝ ስንት ዓመት በባቡር ስሻገር ስሙን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን እትዬ ጁን፣ በእኛ ወግ የሰው መሬት ላይ ዝም ብሎ አይገባም፣ ዳር ቆሞ ራስን ማሳወቅና ግቡ እስኪባል መጠበቅ ነው አሉ። እኔም በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ እኛም የሰው ደጅ ቆመን «ቤቶች!» እንላለን አልኳቸው። ደስ አላቸው። ለልጆቹ እንደሱ አድርገሽ አሳዪያቸው አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹን ቢጫ ሰደርያ አልብሼ፣ ገመድ አስይዤ ወደ ሰፈራችን ወንዝ ስወስድ መግቢያው ላይ እንቆማለን። የወንዙን ስም እንጠራለን፣ መሬቱን በእጃችን እንነካለን፣ «ቤቶች!» እንላለን፣ አሥር እስክንቆጥር እንጠብቃለን።

የከሰሰችኝ የአገሬ ልጅ ናት፣ ትዕግሥት፤ የአራት ዓመቷ የኤልዳና እናት። ጴንጤ ናት። ልጅቷ ፓርክ በር ላይ ሳልጣራ አልገባም ብላ መሬት ስትነካ፣ ለአድባር ስትሰግድ መሰላት።

«ያላነበብኩትን አልፈርምም» አልኳት ኬሊን። ፎርማሊቲ ነው፣ ለደንቡ ያህል ነው አለችኝ። ደብዳቤውን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩና ወጣሁ።

ማህሌት ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ማም፣ ዶንት ሳይን ኢት፣ እንዳትፈርሚ» አለች። ልጆችን አምልኮ አስደርጌያለሁ ብዬ እንዳምን ነው የተጻፈው። ከልጆች ጋር የመሥራት ፈቃድ ካርዴ ቢነጠቅ በከተማው ሙሉ የሚቀጥረኝ የለም። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

በማግስቱ ግን ኬሊ ፊት ቆሜ፣ ከሳሼንም እትዬ ጁንንም ጥሪልኝ፣ እነሱ ባሉበት እናገራለሁ አልኳት። ጠራቻቸው።

«እትዬ አስቴር፣ እርስዎን ለመጉዳት ብዬ አይደለም» አለች ትዕግሥት። «ልጄ ለዛፍ ስትጮህ ፈርቼ ነው።»

«አንቺ እኔ ቤት ስትመጪ በር ላይ ምን ትያለሽ?»

«ቤቶች።»

«ለበሩ ነው የምትሰግጂው?»

ሳቋ አመለጣት። «ለሰው ነዋ።»

«እኔም ያስጠራሁት ሰው ነው። የዚህ ቤት ሰዎች አሉ። አንዷ ይኸው አጠገብሽ ተቀምጠዋል።»

ትዕግሥት ዞር ብላ እትዬ ጁንን አየች። ብድግ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። ለኬሊ በእንግሊዝኛ ያስረዳችውም ራሷ ናት፣ ከእኔ አሳምራ።

ኬሊ ደብዳቤውን ቀደደችው። አልበቃኝም። የቦታ ስም ማስተማሩ ይቀጥላል ብለሽ ጻፊልኝ አልኳት። ጻፈች። እሱን ማህሌት ካነበበችልኝ በኋላ ፈረምኩ።

እዚህ ሥራ ለምትገቡ እህቶቼ የምለው ይኼን ብቻ ነው፤ ሰው ያላነበበላችሁን ወረቀት አትፈርሙ።

ሐሙስ ወንዙ መግቢያ ላይ ቆምን። ከሁሉም ጮክ ብላ የተጣራችው ኤልዳና ናት። ካርዴ አንገቴ ላይ ነው፣ ሥራዬም ላይ ነኝ። ደህና ነኝ።