የመላጊያው እኩሌታ

ባለቤቴ አናጢ ነበር። ሲሞት የተወልን ይቺን ቀራንዮ ያለችውን ቤትና በአረንጓዴ የጥይት ሣጥን የታጨቀ የእንጨት ሥራ ዕቃ ነው። ቤቷ የእኔ ናት፤ በእሷ ማንም አልተከራከረኝም፣ ስለሚያውቀኝ። ጣጣው የሣጥኑ ነበር።

ልጆቼ ሁለት ናቸው። ታላቁ ወንድ ነው፤ አየር ጤና ሚኒባስ ይነዳል። ምስማር ልምታ ሲል አውራ ጣቱን እንጂ ምስማሩን አግኝቶ አያውቅም። ታናሿ ሴት ናት፤ አባቷ ሲጋዝ ጣውላውን ይዛለት ነው ያደገችው። አሁን እሷም አናጢ ናት፤ የሰው ወርክሾፕ ውስጥ ተቀጥራ ቁም ሣጥን ትሠራለች።

ሙት ዓመቱ እንዳለፈ ጎረቤቶቼ ሰብሰብ ብለው መጡና፣ «የወንድ ዕቃ ነው፤ ለወንዱ ስጪው» አሉኝ።

«ወንዱን በዘጠኝ ወር፣ ሴቷን በአምስት ወር አልወለድኩም» አልኳቸው። «እኩል ይካፈላሉ!»

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ማካፈልን ተምሬ ነው የወጣሁት። ዕጣ ይጣል አልኩ። ወንዱ የመኪና ቁልፉን፣ ሴቷ ቁራጭ እርሳሷን ሰጡኝ፤ ሁለቱንም ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኳቸው። ዕጣ የሚያወጣው ነገሩን የማያውቅ ሕፃን ነውና የወንድ ልጄን የአራት ዓመት ልጅ ጠራኋት።

«ይሄ መዶሻ የማን ነው?» እጇን ሰደደች፤ ቁልፍ። «መጋዙስ?» ቁልፍ። «መሮውስ?» አሁንም ቁልፍ። ለካስ ሲንሿሿ ደስ ብሏት በዳበሳ እየፈለገችው ነው!

«እማዬ፣ ይሄ ዕጣ ነው ዘረፋ?» አለች ሴቷ።

«ዕጣ ነው። ግን እንደገና ይወጣል!» አልኩና ቁልፉን በሶፍት ጠቅልዬ ከመጀመሪያው አስጀመርኩ።

በሁለተኛው መዶሻና የማዕዘን መለኪያው ስኳድራ ለወንዱ፣ መጋዝና መሮ ለሴቷ ደረሱ። ምስማሩን በሻይ ብርጭቆ እየሰፈርኩ አካፈልኩ፤ የጎበጠውን ሳይቀር። መጨረሻ ላይ መላጊያው ብቻውን ቀረ። ባለቤቴ ጣውላ የሚያለሰልስበት፣ ከሁላችንም አስበልጦ በዘይት ሲወለውለው የኖረው ዕቃ ነው። አንድ መላጊያ ለሁለት ሰው እንዴት ይሆናል? አሰብኩ፣ አሰብኩና ማጥበቂያውን ሽብልቅ መትቼ ምላጩን አወጣሁት። እንጨቱን ለወንዱ፣ ምላጩን ለሴቷ።

«እማዬ፣ ሲለያይ እኮ መላጊያ አይባልም» አለች ሴቷ።

«እኩል ግን ይባላል!» አልኳት። ደግሞም ውሰት ስንት እህትና ወንድም ሲያጣላ አይቻለሁና፣ አንዱ የአንዱን ድርሻ ላይለምን ሁለቱንም አስማልኳቸው። የለመነ ልጄ አይደለም፤ አበቃ።

ወንዱ እንጨቱን ብፌ ላይ፣ ከፕላስቲክ አበባው ጎን አስቀመጠው። ሴቷ ምላጩን በጨርቅ ጠቅልላ አኖረችው። እኔም ፍርዴ አምሮልኝ ወራት አለፉ።

ከዚያ የእድራችን አግዳሚ ወንበር ለቅሶ ቤት ውስጥ አራት ሴቶች እንደያዘ ተሰበረ። አንዷ እኔ ነበርኩ። ለቀስተኛው እንባውን እየጠረገ ሲስቅ እኔ መሬት ላይ ሆኜ ስለ ልጄ አስብ ነበር። ልክ እንደተነሣሁ ለእድሩ ዳኛ፣ «አግዳሚዎቹን ሁሉ ልጄ ትሥራቸው» አልኩት።

አገጩን አከክ አከክ አደረገ። «እማማ፣ አይቀየሙኝና፣ ሴት አናጢ አይተን አናውቅም። ለእሁድ ስብሰባ አንድ ሠርታ ታምጣ። ካማረ ሃያውንም እሷ ትሠራለች።»

ሃያ አግዳሚ ማለት ልጄ ከሰው ወርክሾፕ ወጥታ እኔ ግቢ የራሷን ከፈተች ማለት ነው። ከአባቷ ጋር ሲያወሩት የኖሩት ይሄንኑ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ከቤት ስወጣ ሴቷ ግቢ ውስጥ ተንበርክካ ጣውላ ትፍቃለች። ጠጋ ብዬ ባይ የያዘችው የጠርሙስ ስባሪ ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያለሰለስኩ።»

«የወርክሾፑ ዕቃስ?»

«ባለቤቱ በእኔ ዕቃ የራስሽን ሥራ አትሠሪም ብሎኛል። አዲስ መላጊያ ገዝቼ ሞከርኩት፤ ጣውላውን ይቦጫጭቀዋል። የአባዬ ደግሞ ግማሹ ነው ያለኝ።»

«ታዲያ ወንድምሽን…» ብዬ አፌን ያዝኩ።

«ልለምነው? ከዚያ ልጄ አይደለሽም ልትዪኝ?» ብላ ሳቀች። ሁለት ጣቷ ላይ ፕላስተር ለጥፋለች። እኔ አልሳቅኩም።

ነጠላዬን ደርቤ በቀጥታ ወንዱ ቤት ሄድኩ። «መላጊያውን አምጣ!»

«እንዴ እማዬ! አስምለሽን የለም እንዴ?»

«እናንተን ነው ያስማልኩት፤ እኔ አልማልኩም።»

«የአባዬ ማስታወሻ ነው እኮ። የመጣ እንግዳ ሁሉ ያየዋል።»

«አባትህ ብፌ ላይ ተቀምጦ ያውቃል?»

ወደ ብፌው ዞር ብሎ አየ። ቀጥሎ ግን የኔኑ ቃል መልሶ መታኝ። «ለእሷ ብቻ ከሆነ እኩልነቱ የታለ?»

ይሄ ልጅ የኔ መሆኑን ያን ጊዜ አመንኩ። «እሺ፣ እኩል ትፈተናላችሁ» አልኩት። «ምላጩ ይግባ፣ ሁለታችሁም ላጉ። ፍቅፋቂውን ሳይበጠስ ከጫፍ ጫፍ ያወጣ ይወስደዋል።»

«የአናጢ ልጅ አይደለሁ? እንሂዳ!» አለና በሚኒባሱ ጭኖኝ መጣ።

መጀመሪያ እሱ ሞከረ። ምላጩን ገልብጦ ከተተው። መላጊያው አንዴ ዘለለ፣ አንዴ ተቀረቀረ፤ እሱ ደግሞ የቆመ መኪና እንደሚገፋ ሰው ከኋላ ይገፋዋል።

«ማርሽ አስገባ!» አለችው እህቱ።

ተራው የእሷ ሆነ። ምላጩን አቃንታ ቀስ እያለች መታ መታ አደረገችው። አንድ ዓይኗን ጨፍና የመላጊያውን ሆድ አየች፤ አባቷም እንዲሁ ነበር የሚያየው። ከዚያ ገፋችው። ፍቅፋቂው እንደ ሪባን እየተጠቀለለ ወጥቶ ከጣውላው ጫፍ ወደቀ። የጽድ ሽታ ግቢውን ሞላው።

ወንዱ አንሥቶ አሸተተው። «አባዬ አባዬ ይሸታል» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «የኔስ ድርሻ?»

«እጅህ ላይ ተጠቅልሎልሃል።»

መሐላውንም እዚያው ፈታሁት።

እሁድ አግዳሚውን በሚኒባሱ ራሱ አመጣው። ዳኛው በመዳፉ ዳሰሰው፣ ነቀነቀው፣ እግሩ ሥር ጎንበስ ብሎ አየ። እኔ ግን ባለፈው አብረውኝ የወደቁትን ሦስት ሴቶች ጠርቼ አንድ ላይ ዘፍ አልንበት። ድምፅ እንኳ አላሰማም።

«ሃያውንም ትሥራ» አለ ዳኛው።

ጎረቤቶቼ፣ «መጀመሪያውኑ ለሴቷ ብትሰጪ ኖሮ» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ግን አልነግራቸውም። በሳምንቱ ወንዱ መዶሻውን በፌስታል ይዞ መጣና ለእህቱ ሰጣት። ያቺን ፍቅፋቂ ፍሬም ውስጥ አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ምስማር ሲመታ ውሎ ኖሯል። አውራ ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሏል።