ከፍል ውሃ ጎረምሳ ሆኖ የወጣው ካራቲስት

አምቦ ውስጥ ስለ ካራቴ ፊልም ከኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ፣ በነፃ ልላጨው። ማንም አላስተማረኝም፤ እያየሁ ነው የተማርኩት። ፀጉር ማስተካከልም እንደዛው። የአንዳንድ ደንበኞቼን ጭንቅላት ያየ ሰው ይሄን ቶሎ ያምነኛል።

ፀጉር ቤቴ ውስጥ ቴሌቪዥን አለ። በፍላሽ ካስገለበጥኳቸው ፊልሞች ሁሉ አንዱን እወደው ነበር፤ ሌላው ሰው ግን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ቻይንኛ ነው፣ ከስር ጽሑፍ የለው፣ ምስሉ ጉም የለበሰ ይመስላል፣ ለሁለት ተቆርጦ ነው የተጫነው። ታሪኩ ግን! አንድ ሽበታም ካራቲስት ያገኘውን ሁሉ ይዘርራል። በመጨረሻ ቆስሎ፣ ደክሞት፣ እንፋሎት የሚያወጣ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይገባል። ጨለማ ይሆናል። ቀጣዩ ፋይል ሲከፈት አንድ ጎረምሳ ከውሃ ውስጥ ብቅ ይላል፤ ግንባሩ ላይ ያችው የሽማግሌው ጠባሳ አለች። ከዛ ግቢ እየጠረገ፣ እንጨት እየፈለጠ፣ ካራቴን እንደ አዲስ ሀ ብሎ ይጀምራል።

የሌላ አገር ሰው ግራ ይጋባ ይሆናል። የአምቦ ሰው ምኑ ይጠፋዋል? ሰውየው ፍል ውሃ ገባ፣ ታደሰ፣ ወጣ። አለቀ። ደግሞ ሁሉን አሸንፎ ሲያበቃ መጥረጊያ የሚያነሳ ሰው ሌላ ፊልም ላይ አይቼ አላውቅም።

ከኔ ሌላ ፊልሙን የሚወዱት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ሁላችንም ኦቦ የምንላቸው፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር። ጉልበታቸው አልታዘዝ ካላቸው ቆይቷል። ፊልሙን ካዩ ወዲህ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ፍል ውሃ መውረድ ጀመሩ።

"ይሄ ከተማ ድሮ ሀገረ ሕይወት የተባለው በከንቱ መሰለህ?" ይሉኛል።

"ኦቦ፣ ጎረምሳ ሆነው መጥተው እንዳያስቸግሩን ብቻ!"

ሳቃቸውን ማየት ነበር።

አንድ ቅዳሜ እሳቸውን እየላጨሁ፣ ጉደር ካምፓስ የሚያስተምር ደንበኛዬ ወረፋ ሲጠብቅ ፊልሙን አየና "ለምንድነው ከመጨረሻው የምትጀምረው?" አለኝ።

"የቱ መጨረሻ?"

"ሁለተኛውን ፋይል እኮ ነው መጀመሪያ የከፈትከው። ሪሞቱን ስጠኝ።"

እያሳለፈ እያሳለፈ አሳየን። ጎረምሳው ከወንዝ ወጣ፣ ተማረ፣ አደገ፣ ሸበተ፣ ሁሉንም ዘረረ፣ ውሃው ውስጥ ገባ። ጨለማ ሆነ። የተዋናዮቹ ስም መውረድ ጀመረ።

ኦቦ አንድ ጉንጫቸው ተላጭቶ፣ ሌላው አረፋ እንደለበሰ ወደ መምህሩ ዞሩ። "ማል ጄቹዳ? ምን ማለት ነው? ሞተ?"

"አዎ አባባ፣ ሞተ።"

የኦቦን ቅዳሜ የገደልኩት መሰለኝ። "ኦቦ፣ የቻይና ውሃ እኮ ነው" አልኩ። ምን ማለቴ እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም።

እሳቸው ፎጣቸውን አንስተው ተነሱ።

"ወዴት ነው? ግማሽ ፂም እኮ ቀርቷል!"

"ወደ ውሃው ነዋ። ቅዳሜ አይደል?"

"አሁን እኮ አየነው፣ ሰውየው..."

"እሱ ተወግቶ ነው የገባው። እኔን የወጋኝ ሰው አለ?"

መንገዱን ተሻግረው እያነከሱ ወረዱ። ተናደው ነው? ታሪኩ አልገባቸውም? ወይስ ያልገባኝ እኔ ነኝ? ፊልሙንስ ከእንግዲህ በየት በኩል ልክፈተው? መምህሩ ባሳየን መንገድ ሲታይ ደህና ፊልም ነው፤ ደንበኞቼም ወደዱት። ለኔ ግን ገበያ ላይ ከሞላው አንዱ ሆነብኝ። ልክ ያልሆነውን ስወድ ኖሬ ልክ የሆነው እንዴት ይደብረኛል?

ምላጭ ይዤ በር ላይ ቆሜ ሳስብ፣ ማዶ ያለችው የሻይ ቤቷ ጎረቤቴ ኦቦን አይታ ጮኸች፦ "ኧረ በማርያም! እኚህን ሰውዬ ማነው እንዲህ የላጫቸው?"

"እኔንጃ" አልኳት፣ "የጉደር ሰው ሳይሆን አይቀርም።"