ከአፈሙዙ የመጣው ሳል

ቴፒ መናኸሪያ አጠገብ ራዲያተር በሚጠገንበት ጋራዥ በኩል ሳልፍ የቀለጠ እርሳስ ሽታ አስቆመኝ።

አባቴ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን፣ አንዲት እናት የሟች ባላቸውን አሮጌ ጠመንጃ ለልጃቸው እንዲያድስላቸው ከማሻ አመጡ። አባቴ በአፈሙዙ ጀርባ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ቀጭን የማነጣጠሪያ ብረት በቀለጠ እርሳስ አጣበቀ። ከዚያ አፈሙዙን በሽቦ አንጠልጥሎ በእንጨት መታ አደረገው፤ እርሳሱ በደንብ ከያዘ እንደ ደወል ይጮኻል። ጮኸ። ድምፁ ጠፍቶ ጸጥ ሲል ግን ከውስጡ የሰው ሳል ተሰማ።

አባቴ እንጨቱን አስቀመጠ። "እትዬ፣ የሟች ጠመንጃ እሳት ከመንካቱ በፊት ሟቹ በስሙ ተጠርቶ ይሰናበታል። አላሰናበቱትም እንዴ?"

ሴትዮዋ አፈሙዙን በነጠላቸው ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቀፉት።

"ልጄ ጫካ ውስጥ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው" አሉ።

ጋራዡ ውስጥ መዶሻ ብረት መታ። ጩኸቱ ሳያልቅ ፈጥኜ አለፍኩ።